የተጣመሙት ሃያ ሦስት እግሮች

ውድ ባለቤቴ፣

ይህን ደብዳቤ ስትከፍት የእጄን ጽሑፍ አጥተህ «ማን ጻፈላት?» ብለህ እንዳትደነግጥ። ማንም አልጻፈልኝም። ራሴ በሠራሁት ኮምፒውተር ራሴ ጽፌው፣ መንገድ ማዶ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜው ነው። «በሠራሁት» ስልህ ለቀልድ እንዳይመስልህ። ዕቃውን አንድ በአንድ መርጬ፣ ብሎኑን አንድ በአንድ አጥብቄ፣ ገመዱን በየቀዳዳው ሰክቼ፣ እዚሁ ቤታችን ውስጥ፣ በእናትህ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ነው የሠራሁት። አዎ፣ በእናትህ ጠረጴዛ ላይ። እስቲ አሁን ቁጭ በልና አንብብ፤ ቆመው የሚያነቡት ነገር አይደለም።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አንተ ከባህር ላይ ስትደውል ግን ሦስት ቃል እሰማና አራተኛውን ውኃ ይበላዋል። ባለፈው «ኮምፒውተር እየገጣጠምኩ ነው» ብልህ፣ «ምን? ከማን ጋር ተጋጠምሽ?» አልከኝ። መልሱን ሳልነግርህ መስመሩ ተቆረጠ። መልሱ «ከእናትህ ጋር» ነበር። ለዚህ ነው ወረቀት የመረጥኩት። አንተ የመርከብ ሞተር ስትፈታና ስትገጥም ስምንት ወር ሊሞላህ ነው፤ እኔም በበኩሌ ምን እንደፈታሁና ምን እንደገጠምኩ ልንገርህ።

ቢሮአችን መዘጋቱን ታውቃለህ። ያልነገርኩህ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ሳምንታት ነው። የሕንፃ ንድፍ የምሠራበት ኮምፒውተር የቢሮው ስለነበር ከቢሮው ጋር ሄደ፤ እኔ ደግሞ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት አጥቼ ከእናትህ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጥን። እኔ መስኮት ስከፍት እሳቸው ይዘጋሉ። እሳቸው ሬዲዮ ሲከፍቱ እኔ ድምፁን እቀንሳለሁ። ወጥ ቤት ስገባ ይወጣሉ፤ ስወጣ ገብተው የሠራሁትን ቀምሰው ጨው ይጨምራሉ። ይጨምራሉ ብቻ ሳይሆን እንድሰማ አድርገው ነው የሚጨምሩት፤ የጨው ዕቃ ክዳን ያን ያህል እንደሚጮህ አላውቅም ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፣ ጥፋቱ በከፊል ያንተ ነው። ስትሄድ በር ላይ ይዘኸኝ «እማዬን አደራ» አልከኝ። በኋላ እንደሰማሁት እሳቸውንም ለብቻ ይዘህ «ሚስቴን አደራ» ብለሃቸዋል። አየህ ያደረግኸውን? ሁለታችንም ጠባቂ ሆንን፣ ሁለታችንም ተጠባቂ። እኔ «መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ስል ይከፋቸዋል፤ እሳቸው «የት አመሸሽ?» ሲሉ እኔ እቆጣለሁ። ሁለት ዘበኛ አንድ ቤት ውስጥ አስገብተህ ቆልፈህብን ሄድክ።

እንዲህ ሆነን ሳለን የድሮዋ አለቃዬ፣ ኢንጂነሯ፣ ደወለች። የራሷን ሥራ ጀምራለች። አንድ ትንሽ ክሊኒክ የሚሠሩ ሰዎች አግኝታ ንድፉን በአሥራ አራት ቀን ማስረከብ አለባት። «ከሠራሽው ቋሚ ሥራ ይሆንልሻል። ካልቻልሽ ግን ዛሬውኑ ንገሪኝና ሌላ ሰው ልፈልግ» አለችኝ። «እችላለሁ» አልኳት። ኮምፒውተር እንደሌለኝ የነገርኳት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለግድግዳው ነው።

ለዚያ ሥራ የሚሆን ጉልበት ያለው ኮምፒውተር ተገጣጥሞ ያለቀው ከአቅሜ በላይ ነበር፤ ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ ለሚገጥመው ግን በግማሽ ይወጣል አሉኝ። ወደ ዕቃ ሻጩ ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ ሱቁ ውስጥ ነጭ ጋውን ስለሚለብስና ብዙ ስለማይናገር ነው።

«ከዚህ በፊት ገጥመሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ማንበብስ ትችያለሽ?»

«ማንበብማ እችላለሁ።»

«እንግዲያው መግጠምም ትችያለሽ» አለና ዕቃውን ይደረድርልኝ ጀመር። ሲያስረክበኝ ከሁሉ ትንሿን ሳጥን ለብቻ አንስቶ፣ «ይኼ ፕሮሰሰሩ ነው፤ አእምሮው ማለት ነው። አይገፋም። ቦታውን ሲያገኝ በራሱ ክብደት ቁጭ ይላል። መግፋት ካስፈለገሽ፣ አንድ ያላየሽው ነገር አለ ማለት ነው» አለኝ። ይህን ቃል አደራህን ልብ በልልኝ፤ እኔ ልብ አላልኩትም።

ቤት ስደርስ የቀረኝ ችግር ቦታ ነበር። የእኛ ክፍል ውስጥ ያለችው ጠረጴዛ አንድ ሰሃን ከጫኑባት ሁለተኛው ይወድቃል። በቤቱ ውስጥ ሰፊ ጠረጴዛና ጥሩ ብርሃን ያለው የእናትህ የስፌት ክፍል ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«እማማ፣ ጠረጴዛዎን ለጥቂት ቀን ቢያውሱኝ?»

የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ፣ «ለምንሽ?» አሉ።

«ኮምፒውተር ልሠራበት።»

«ኮምፒውተር ይሠራል እንዴ? ይገዛል እንጂ።»

«ሸሚዝስ ይሠራል እንዴ? ይገዛል እንጂ» አልኳቸው።

ከአፌ ሲወጣ ምላሴን ብነክሰው ወደድኩ። እናትህ ግን ፔዳሉን አቆሙና ከመነጽራቸው በላይ ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ የከንፈራቸው ጥግ ትንሽ ተነሳች። «ነገር ታውቂያለሽ ለካ» አሉ። ጨርቃቸውን ሰብስበው ጠረጴዛውን ለሁለት ከፈሉልኝ። መሀሉ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመሩ። እውነቴን ነው፣ በጠመኔ! «ከዚህ ወዲያ የአንቺ፣ ከዚህ ወዲህ የእኔ። መርፌዬ ወዳንቺ ካለፈች መልሺልኝ፤ ብሎንሽ ወደኔ ካለፈ እጥለዋለሁ።»

ዕቃውን ስንከፍት ማየት ነበረብህ። እየተቆጡ ይቀርባሉ፣ እየቀረቡ ይቆጣሉ። ማዘርቦርዱን፣ ያ ሁሉም ነገር የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ሲያዩ «ጥልፍ ይመስላል» አሉ። ሹራባቸውን እንዲያወልቁ ስለምናቸው ደግሞ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«የሱፍ ልብስ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፣ እማማ። ያቺ ትንሽ ብልጭታ ዕቃውን ልትገድለው ትችላለች።»

«የእኔ ሹራብ ነው ኮምፒውተር የሚገድለው?»

«ሊገድል ይችላል።»

«ሃያ ዓመት ለብሼው አንድ ሰው አልገደለም!» አሉ። ግን አወለቁት። አውልቀውም ከበሩ ውጭ ምስማር ላይ ሰቀሉት፤ ሹራቡ እንደ ተከሳሽ ውጭ ቆሞ ዋለ።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ክፍል ደርሻለሁ። በማግሥቱ ጠዋት እናትህ የሰፉትን ቀሚስ ለደንበኛ ሊያደርሱ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞረው፣ «መመሪያውን ሳትጨርሺ እንዳትጀምሪ፤ እስክመጣ ጠብቂኝ» አሉኝ። ምክር ነበር። እኔ ግን የጨው ዕቃው ክዳን ሲጮህ ነው የሰማሁት። ገና በሩ ሲዘጋ መመሪያውን ወዲያ አልኩና ፕሮሰሰሩን ከሳጥኑ አወጣሁ። የክብሪት ሳጥን የምታክል ስስ ነገር ናት፤ ከሆዷ ሥር ከሺህ በላይ ፀጉር የመሳሰሉ የወርቅ እግሮች አሏት። መሰኪያዋ ላይ አስቀመጥኳት፤ አልገባ አለች። ገፋኋት። እምቢ አለች። «እሳቸው ሳይመጡ እጨርሳታለሁ» ብዬ በአውራ ጣቴ ደህና አድርጌ ተጫንኳት። አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ከመሰኪያው ጎን ያለችውን፣ መጀመሪያ መነሳት የነበረባትን ማንሻ አላነሳሁም ነበር።

ባነሳት፣ በአንደኛው ጥግ ያሉት እግሮች ነፋስ እንዳጋደመው ሣር ተኝተዋል። ወደ ፕላስቲክ ቤቷ መለስኳትና ክዳኑን በቅጡ ሳልዘጋ ጠረጴዛው ላይ ትቻት ለዶክተር ደወልኩ። «የተጣመመ አልለውጥም፤ በዋስትናውም አይካተትም። ሌላ ላስመጣልሽ ብትዪ ሦስት ሳምንት ይፈጃል» አለኝ። እኔ የቀረኝ አሥራ ሁለት ቀን ነው። ወጥ ቤት ገብቼ ውኃ ጠጣሁ፤ እንደገና ጠጣሁ።

በዚህ መሀል እናትህ ገቡ። እኔ ወጥ ቤት እያለሁ ሥራቸውን ሊጀምሩ ጨርቃቸውን ከጠረጴዛው ላይ ሳብ ሲያደርጉት፣ የጨርቁ ጫፍ ያቺን ፕላስቲክ ይዟት ወረደ። ቀጭ! ሮጬ ስገባ መሬት ላይ ተንበርክከው ፕሮሰሰሯን በመዳፋቸው ይዘዋል። እግሮቹን አይተዋቸዋል።

«ምን አደረግኩ?» አሉ። «ልጄ፣ ምን አደረግኩብሽ?»

በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «ልጄ» አሉኝ። እኔ አፌን ከፈትኩ። «እርስዎ አይደሉም፤ እኔ ነኝ» ልል ነበር። ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጥፋቱ ከእኔ ጫንቃ ላይ ወርዶ ሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ ያለው ቅለት፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ ከባድ ሻንጣ ሰው ሲቀበልህ እንደሚሰማህ ነው። ዝም አልኩ። ዝም ብቻ አይደለም፤ ፊቴንም አጨማደድኩ።

እናትህ ተነሱ። ሲነሱ ፊታቸው ተለውጧል። መነጽራቸውን ጠረጉ፣ አጉሊ መነጽራቸውን ከመሳቢያ አወጡ፣ ከመርፌዎቻቸው ሁሉ ቀጭኗን መርጠው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ሳቡ። እኔ ስከፍተው ሲዘጉት የኖሩትን መስኮት ወለል አድርገው ከፈቱት።

«እማማ፣ አይሆንም፤ በጣም ቀጭን ነው፣ ይሰበራል።»

«የተሰበረ ነው የሚያስፈራው፤ የተጣመመ ይቃናል» አሉ። «እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ይኼ ደግሞ እግሩ ተሠርቶለት ነው የመጣው።»

ሁለት ቀን፣ ውዴ። ሙሉ ሁለት ቀን። ትንፋሻቸውን ይይዙና በመርፌዋ ጫፍ አንዷን እግር ትንሽ ይነካሉ፤ ይተነፍሳሉ፤ ያያሉ፤ እንደገና ይነካሉ። አንዷ ስትቃና ወረቀት ላይ በጠመኔ ጭረት ያደርጋሉ። ኮቷን ልትወስድ የመጣችን መምህርት ሳይቀር አልጨረስኩም ብለው መለሱ። መምህርቷ ተቆጣች፤ «ዛሬ ይደርሳል ብለውኝ አልነበር?» አለቻቸው። እናትህ ቀና ሳይሉ፣ «በሽተኛ ይዣለሁ» አሉ። መምህርቷ ደንግጣ «እግዜር ይማርልዎ» ብላ በዝግታ ወጣች።

እኔስ ምን አደርግ ነበር? ሻይ አፈላለሁ። ሻይ አቀርባለሁ። የቀዘቀዘውን አነሳና ሌላ አፈላለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤ ስገባ አልሰሙኝም። መርፌውን አስቀምጠው ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ እያበሱ፣ «አምላኬ፣ የዚህችን ልጅ ሥራ በእጄ አበላሽቼ እንዳልቀር» ሲሉ ሰማኋቸው። ሻዩን ይዤ በመጣሁበት ተመለስኩ። ያን ቀን ራሴን የጠላሁትን ያህል አንተም አትጠላኝም።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ነገር ከፊቴ አኖሩ። ፈታሁት። እግሮቹ ሁሉ ተሰልፈው ቆመዋል። «ሃያ ሦስት ነበሩ» አሉ። «አንዷ ትንሽ ታነክሳለች፤ ግን ትቆማለች።» ከዚያ እናትህ፣ በሕይወታቸው ይቅርታ ጠይቀው የማያውቁት እናትህ፣ እጃቸውን እጄ ላይ አድርገው፣ «ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ከእንግዲህ ወደ ዕቃሽ አልደርስም» አሉኝ።

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። «እማማ፣ እርስዎ አልጣሏትም» አልኩ። «ማለቴ፣ ጥለዋታል፤ ግን ሲጥሏት ተጣማ ነበር። እርስዎ ሳይመጡ ገፍቼ ያጣመምኳት እኔ ነኝ። ጠብቂኝ ስላሉኝ ነው ያልጠበቅኩዎት።»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። የምጠብቀው ጩኸት ነበር፤ ጩኸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ሁለት ቀን» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ቀን አልቅሼበታለሁ።»

ተነስተው ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። እስከ ማታ አልወጡም።

በማግሥቱ ጠዋት ብቻዬን ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ማንሻዋን አነሳሁ፤ ፕሮሰሰሯን አስቀመጥኳት። አልነካኋትም። በራሷ ክብደት ቁጭ አለች። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከዚያ እየተናፈጥኩ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት ላይዋ ላይ ቀባሁ፣ ማራገቢያውን አሰርኩ፣ ሚሞሪውንና የሥዕል ካርዱን ሰካሁ፣ ሰሌዳውን ከሳጥኑ ጋር በብሎን ያዝኩት፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ቦታቸው አስገባሁ። ካቻቢቴዬን ሳስቀምጥ ገና አራት ሰዓት አልሆነም። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ማብሪያውን መጫን።

አልተጫንኩትም። ጣቴን አስጠጋሁና መለስኩት። ያን ሁሉ እግር ያቆሙት ሰው በር ዘግተው ተቀምጠው፣ እኔ ብቻዬን አብርቼ እልል ልበል? ወንበሬን ወደ በራቸው አዙሬ ቁጭ አልኩ። ምሳ ሰዓት አለፈ። እንግዲህ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው የቀረኝ፤ ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከበሩ ኋላ ድምፅ መጣ።

«አበራሽው?»

«አላበራሁም።»

«ተበላሸ?»

«አላውቅም። እርስዎ ካልመጡ አላበራም።»

«እንግዲያው ቁጭ በዪ። ስትጠብቂ ትሸብቻለሽ።»

«እሸብታለሁ።»

«ሥራሽስ?»

«ይቅራ።»

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ሹራባቸውን ሳይለብሱ ነው የወጡት፤ ያን ሳይ ልቤ ዘለለ። «ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ» አሉ ጣታቸውን እያወዛወዙ። «እግሮቹን ያቃናሁት እኔ ነኝ። መቆማቸውን ማየት መብቴ ነው።»

«መብትዎ ነው።»

«እኔ ነኝ የምጫነው።»

«እርስዎ ይጫኑት።»

ተጫኑት። ማራገቢያው እንደ ወፍ ክንፍ እርግብግብ አለና ዞረ፤ ሳጥኑ ውስጥ ሰማያዊ መብራት በራ። እናትህ አጨበጨቡ። እኔ ስክሪኑን አየሁ። ጥቁር። ጠበቅን፤ ጥቁር። አጥፍተን አበራን፤ ማራገቢያው በደስታ ይዞራል፣ ስክሪኑ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። እናትህ እጆቻቸውን ከጀርባቸው ደበቁ። «ያቺ የምታነክሰዋ ናት» አሉ በቀጭን ድምፅ። «የእኔ ጥፋት ናት።»

«አይደለችም!» ብዬ ጮህኩ። «የእርስዎ ጥፋት ሆኖ አያውቅም፤ ከእንግዲህም አይሆንም!» እየጮህኩ ለዶክተር ደወልኩ።

«ማራገቢያው ይዞራል?» አለ።

«ይዞራል።»

«የስክሪኑን ገመድ የት ሰካሽው?»

«ከኋላ ነዋ!»

«ከኋላ ሁለት ቦታ አለ። ላይኛው ወይስ ታችኛው?»

እናትህ ቀድመውኝ ጠረጴዛው ሥር ገብተዋል። «ላይኛው ላይ ነው!» ብለው ከዚያ ጮኹ።

«ወደ ታች ይውረድ» አለ ዶክተር። «አንቺ ለሥዕል የገዛሽው ካርድ ከታች ነው ያለው። ደህና ዋሉ።» ዘጋው።

እናትህ ገመዱን ነቅለው ታች ሰኩት፤ ስክሪኑም በራ። ጽሑፍ መጣ፤ ፕሮሰሰሯን በስሟ ጠርቶ አገኘኋት አለ። እናትህ ጭንቅላታቸውን ብቻ ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው፣ ፀጉራቸው ላይ ክር ተንጠልጥሎ፣ «ሰው ሆነ!» አሉ። እኔም ወለሉ ላይ ወርጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሳቅ ያዘን። እንባችን እስኪወርድ፣ ጎናችንን ይዘን፣ እዚያው ጠረጴዛ ሥር ሳቅን።

ሳቁ ሲያልቅ፣ «ለምን ዝም አልሽኝ?» አሉ።

«ፈራሁ።»

«ምኔን?»

«ይህ ቤት የእርስዎ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ዕቃ ሲሰብር ይደብቃል።»

እኔም ከጀመርኩ አይቀር ብዬ የባሰውን ነገርኳቸው፤ ለአንተም አሁን ልንገርህ። ባለፈው ወር «ወይ እኔን ወይ እናትህን ምረጥ» የሚል ደብዳቤ ጽፌልህ ነበር። አራት ገጽ። ፖስታው ላይ አድራሻህን ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይዤው ዞርኩ። ያን ቀን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳላነብላቸው ፊታቸው ቀደድኩት።

እናትህ ቁርጥራጩን አዩና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እኔም በስልክ ልነግረው ነበር። 'ይህችን ሴት ወይ ና ውሰዳት ወይ ቤት ተከራይላት' ልለው፣ 'ይህችን ሴት' እንዳልኩ ተቆረጠ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም እዚያው ላይ ተቆረጠ። ያ ባህር ነው ያተረፈሽ።»

አሁን ገባህ፣ ውዴ? በዚያ ሰሞን እናትህ ሦስቴ ደውለው «ይህችን ሴት...» ብለው የጠፉብህ ለዚህ ነው። አንተ ደግሞ በማግሥቱ ደውለህ «እማዬ አንቺን ልታመሰግን የፈለገች ይመስለኛል» አልከኝ። የዋህ ነህ እኮ!

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ሰባት ቀን ሠራሁ። እናትህ ከጠመኔው መስመር ወዲያ መምህርቷን ለመካስ ኮቷን ይሰፋሉ፤ እኔ ከወዲህ ክሊኒክ እሠራለሁ። በየመሀሉ መጥተው ንድፉን ያያሉ። አንድ ቀን «ይህ ግድግዳ ዘሟል» አሉኝ። አልዘመመም ብዬ አጉልቼ አሳየኋቸው። የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን አምጥተው ስክሪኑ ላይ ለኩት። ቀጥ ያለ ነው። «ሜትሩ አርጅቷል» አሉና ሄዱ። ሌላ ቀን ግን በአንድ በር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «በሽተኛው በአልጋ ተኝቶ በዚህ ይወጣል? እኔ እንኳን የበሽተኛ አልጋ፣ የራሴን ወፍራም አክስት በዚህ በር አላሳልፍም» አሉ። ለካሁት፤ አልጋው አያልፍም። በሩን አሰፋሁት። ኢንጂነሯ ንድፉን ስትቀበል መጀመሪያ ያየችው በሮቹን ነበር። ከቀኑ አንድ ቀን ቀድሜ ነው ያስረከብኩት። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፤ እዚሁ ቤት ሆኜ፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ።

ጠመኔው በጨርቅና በክርን ሲታሸት ጠፍቷል። መልሶ ያሰመረው የለም። ወጡ ላይ ግን አሁንም ጨው ይጨምራሉ፤ ልዩነቱ አሁን «አልጫ አደረግሽው» ብለው ፊት ለፊት መናገራቸው ነው። እኔም «ደም ግፊትዎ ይጨምራል» እላቸዋለሁ። እንጨቃጨቃለን፣ እንበላለን።

እዚህ ድረስ ጽፌ ቆም አልኩ። እሳቸውን ያማሁበትን ደብዳቤ ሳያዩት መላክ እንደገና መደበቅ መሰለኝ። «እማማ፣ ይስሙኝማ» አልኩና ከ«ውድ ባለቤቴ» ጀምሬ አንዲት ቃል ሳልዘል ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መጀመሪያ እየሰፉ ነበር የሚሰሙኝ። መርፌና መስኮቱ ጋ ስደርስ ፔዳሉ ቆመ። የተቀደደው ደብዳቤ ጋ ስደርስ መነጽራቸውን አወለቁ። ስጨርስ አንገቴን ደፋሁ።

«ይህን ያህል ነጭናጫ ነኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«ከዚህም ይብሳሉ። ለእሱ ብዬ ቀንሼ ነው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱ።

«እንግዲያው የቀነስሽውን መልሰሽ ጨምሪና ላኪው፣ ልጄ» አሉ። «ሲመጣ ተሳስቶ የሰው ቤት የገባ እንዳይመስለው።»

በናፍቆት የምትጠብቅህ፣
ባለቤትህ